ጥገናው የቱ ጋ ነው

መስከረም 18

ለውድ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ መርፌውን የመርፌ ትራሱ ላይ ሰክተው፣ መነጽርዎን በቀሚስዎ ጫፍ ወልውለው፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። እዚያው ወንበር ላይ በሙሉ ጤና ያግኝዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሙሽሮቹስ? ከእርስዎ በተከራዩት ልብስ አሁንም እንደ ራሳቸው ይጨፍሩበታል?

በስልክ ለምን አልነገርከኝም ይሉኝ ይሆናል። በስልክ እርስዎ በላህ ወይ ይላሉ፤ እኔ በልቻለሁ እላለሁ፤ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። በወረቀት ላይ ግን ለመዋሸት እንኳ ጊዜ ይወስዳል።

ሥራህ ምንድን ነው ብለው በጠየቁኝ ቁጥር ፎቶ እያልኩ አልፌዋለሁ። ዝርዝሩ ይኸው። ማንቆርቆሪያ አነሳለሁ። ድስትም፣ ቢላም፣ ጭልፋም አለ፤ በብዛት ግን ማንቆርቆሪያ። አንድ የወጥ ቤት ዕቃ ካምፓኒ ለካታሎጉ ሲፈልገኝ ይጠራኛል፤ ሳይፈልገኝ አይጠራኝም። የምሠራበት ክፍል ከጎማ መጋዘን በላይ ነው፤ ልብሴ ሁሉ ጎማ ጎማ ይሸታል።

የማንቆርቆሪያ ሆድ መስታወት ነው። ፊቱ የቆመ ሁሉ ይታይበታል፤ መስኮቱ፣ መብራቱ፣ ካሜራው፣ እኔ። ስለዚህ ዙሪያውን በነጭ ወረቀት አጥሬ፣ ወረቀቱን ዓይን በሚያህል ቀድጄ፣ በዚያ አጮልቃለሁ። በመጨረሻም የቀረውን ጭረት፣ አቧራና የጣት አሻራ ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አጠፋለሁ። ሥራው ሲሰምር እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ያልነበረ ይመስላል። ወደ ቤት ስሄድ አንዳንዴ ለእኔም እንደዚያ ይመስለኛል።

በማይጠሩኝ ቀን የራሴን እሠራለሁ። ሰዎች በገዛ እጃቸው የጠገኗቸውን ዕቃዎች እየፈለግሁ አነሳለሁ። እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር። ጆሮው በሙጫ የተመለሰ ኩባያ። የሰፈሬ ፀጉር አስተካካይ በጥቁር ክር የቋጠረው መነጽር። ለምን እንደምወዳቸው በደንብ ማስረዳት አልችልም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበታል፤ ያ ይመስለኛል።

አሁን ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። አንዲት የጋለሪ ባለቤት ሦስቱን አይታ አንድ ሙሉ ግድግዳ ሰጠችኝ፤ አሥራ ሁለት ፎቶ በኅዳር ላስረክብ፣ በጥር ይሰቀላል። በዚያው ሳምንት የካታሎጉ ኃላፊ ጠራኝና ቋሚ ቅጥር አቀረበልኝ። በየቀኑ መግባት፣ የራሴ ክፍል፣ የራሴ ቁልፍ። ከካምፓኒው ውጪ ግን ካሜራ አላነሳም። ለራሴም ቢሆን? ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና ጊዜ ካገኘህ አለኝ። መልሱን እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቃል።

ምን ይሉኛል? ከካታሎጉ አንድ ገጽ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

*

ጥቅምት 6

ለልጄ፣ ለዓይናማው፣

ፈጣሪ ዓይንህን ከአቧራ፣ እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ነው፤ ይንቋቀቃል እንጂ ይከፈታል። ደብዳቤህ ሁለቴ ተነበበ፤ አንዴ በእኔ፣ አንዴ ከሱቄ አጠገብ ባለችው ፋርማሲስት። እሷ ሰው ሲያነብ አንገቷን ካላስገባች እንቅልፍ አይወስዳትም።

የማንቆርቆሪያውን ፎቶ በፍሬም አስገብቼ ሙሽሮቹ ከሚለኩበት መስተዋት ጎን ሰቀልኩት። አሁን ልብስ ለክተው ሲያበቁ ማንቆርቆሪያውንም ታከራያለሽ ወይ ይሉኛል። አንዷማ፣ ካላከራየሽ ለምን ሰቀልሽው ብላ ተቆጣች። የልጄ ሥራ ነው ስላት፣ ልጅሽ ብረት ቀጥቃጭ ነው እንዴ አለችኝ። ሜትሬን አንስቼ ወገቧን ለካሁ።

ሁለተኛው ሥራህ ግን አልገባኝም። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ቀዳዳ እንዳይታይ በማድረግ ነው። ባለፈው አንዲት ሙሽራ በሚዜዋ ተረከዝ የተበሳ ቀሚስ መለሰችልኝ። የጠገንኩት ቀን እንድታይ ጠራኋት። ጎንበስ ብላ ፈለገች፣ ፈለገች፣ አጣችው። ሥራዬ ያለቀው ያኔ ነው። ጥገና ከታየማ ባለቤቱን ያሳጣል። አንተ ደግሞ የሰውን ቀዳዳ አጉልተህ ግድግዳ ላይ ልትሰቅል ነው። ገመና ይሸፈናል እንጂ ይሰቀላል እንዴ?

ቅጥሩን ፈርም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ የራሱ ክፍልና የራሱ ቁልፍ ያለው ሰው ስንት ነው? ያንን የራሴ የምትለውን ጡረታ ስትወጣ ታደርሰዋለህ። የተሰበረ ዕቃ የትም አይሄድብህም።

በደብዳቤ መልስልኝ፤ በስልክ ታመልጠኛለህ።

አክስትህ

*

ጥቅምት 27

ለውድ አክስቴ፣

እንደ እርስዎ የሚመርቅ አፍ አይጥፋብኝ። ምርቃትዎ ደርሶኛል፤ እንቅፋት አልመታኝም።

ሁሉም ደህና ነው። ካታሎጉ ሊታተም ስለተቃረበ ይሯሯጣሉ፤ እኔም አብሬ እሯሯጣለሁ። ማንቆርቆሪያዎቹንና የራሴን ፎቶዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ጎን ለጎን ከፍቼ እሠራለሁ። ከአንዱ ስደክም ወደ ሌላው እዞራለሁ። እንደ ዕረፍት ነው። አሥራ ሁለቱን በቅርቡ አስረክባለሁ።

ስለ ቅጥሩ ያሉኝን አስቤበታለሁ። እያሰብኩበትም ነው።

እዚህ ዝናብ ነው።

የወንድምዎ ልጅ

*

ኅዳር 14

ዓይናማው፣

ደህንነትህን ከነዝናቡ ያብዛልህ። ስለ ቅጥሩ ጠየቅሁህ፤ ስለ ዝናብ ነገርከኝ። ትምህርት ቤት ተጣልተህ የመጣህ ዕለትም ስለ ደመና ነበር የምታወራው።

ፋርማሲስቷ ተይው፣ አርቲስቶች እንደዚህ ናቸው አለችኝ። አርቲስት ነው ብዬ አላወራሁም። ማን እንደነገራት አላውቅም።

የሆንከውን ጻፍልኝ።

አክስትህ

*

ታኅሣሥ 2

ለውድ አክስቴ፣

ይህን ሲያነቡ ትከሻዎ ዐርፎ፣ ሱቅዎ ሞልቶ፣ ቢቻል ደግሞ ፋርማሲስቷ ወደ ሥራዋ ሄዳ እንዲሆን እመኛለሁ።

የሆንኩት ይኸውልዎ። ፎቶዎቹን አሳትሜ፣ ጠቅልዬ፣ ወደ ጋለሪው ወሰድኩ። ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ሁሉንም ወለሉ ላይ ደረደረቻቸው። በካልሲ ከዳር እስከ ዳር ሄደች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ እጄን የት እንደማደርገው ጨንቆኛል።

«ፎቶዎቹ ያምራሉ» አለች። «ጥገናው የቱ ጋ ነው?»

የምትቀልድ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። ወንበሩ በአራት ሙሉ እግሮቹ ቆሟል፤ ሽቦ የለም። ኩባያው ከፋብሪካ የወጣ ዕለት ይመስላል። የመነጽሩ ደግሞ ክሩ ጠፍቶ፣ አንዱ እጀታ ከምንም ጋር ሳይያያዝ አየር ላይ ተንሳፍፏል። አሥራ ሁለቱም እንደዚያው ናቸው። ማንቆርቆሪያና የራሴን ጎን ለጎን ስሠራ እጄ ስንጥቅ ያየበትን ሁሉ አጥፍቶታል። እኔን ሳያማክር። ተቀምጬ፣ ነቅቼ፣ ሙዚቃ እየሰማሁ።

ሴትዮዋ ወለሉ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። የሚንሳፈፈውን መነጽር አንስታ፣ ይሄንን ለራሴ እወስደዋለሁ አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። መንገድ ላይ ስወጣ ግን ሳቁ ቆመ።

የሚያስጨንቀኝ ፎቶዎቹ አይደሉም። ዋናዎቹ ሳይነኩ አሉኝ፤ ሽቦውም፣ ክሩም፣ ሙጫውም ይመለሳል፤ እሷም ቀኑን ገፋ አድርጋልኛለች። የምፈራው እጄን ነው። እየጠሩኝ በምሄድባቸው ቀኖች ብቻ እንዲህ ከሆነ፣ በየቀኑ ብገባ ምን ይቀረዋል? በሌላ በኩል ደግሞ እላለሁ፣ እጁ እንደሆነ የእነሱ ሆኗል፤ ፈርሜ የቀረውን ላስከትለው። ውሉን አውጥቼ እስክሪብቶ ከላዩ አስቀምጬበት ነበር። ከዚያ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ቤቴ እንደዚህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ጎድሎብኛል። የመኪናውን መቀመጫ በቀበቶ የጠገነው ሹፌር ፎቶዬ አይሰቀል ብሎ ከለከለኝ፤ እርስዎ እንዳሉት ገመናው ሆኖበት። እርስዎ የጠገኑትን አንድ ልብስ ይላኩልኝ። የፈለጉትን ይሁን።

የወንድምዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 26

ለልጄ፣ ለዓይናማው፣

እጅህን ይባርክልኝ፤ የሚያጠፋውንም የሚያቆየውንም።

የዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። መጀመሪያ ስለ ተንሳፋፊው መነጽር ያነበብን ዕለት ፋርማሲስቷ ውኃ አምጥታ እስክታጠጣኝ ሳቅሁ። እሷን ደግሞ ሐኪም ቤት የላከው ሰው መድኃኒት ሊገዛ እየጠበቃት ነበር።

ቀጥሎ የጠገንኩትን ልብስ ፍለጋ ገባሁ። መደርደሪያውን ሁሉ አወረድኩ። የተቀደዱ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ በእጄ ነው የሠራኋቸው። የቱ የት ጋ እንደተቀደደ ግን አላገኝም። ሙሽራ ስትመጣ ሰብስቤ እሰቅላለሁ፣ ስትሄድ አወርዳለሁ። ፋርማሲስቷ እውነት ጠግነሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላ እስክትጠይቀኝ ደረሰች። ለሦስት ቀን አላናገርኳትም።

በመጨረሻ አንዱ ትዝ አለኝ። የመኪና በር የነከሰው እጅጌ። ቀሚሱ አርጅቶ ከኪራይ ወጥቷል፤ ጨርቁ ግን ጥሩ ስለነበር እጅጌውን ቆርጬ አስቀምጬው ነበር። ልኬልሃለሁ። ከክርን በታች መሆኑን አስታውሳለሁ። ሌላውን አንተ ፈልግ።

እጄ ሳያማክረኝ ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ካምፓኒውን አትውቀስ። ከእግሬ ሥር ተቀምጠህ ከጨርቅ ላይ የቀረ ክር በጥፍርህ ስትለቅም ነው ያደግኸው። አንድ ክር ከቀረች አትነሳም ነበር። ያ እጅ ካታሎግ ከመታተሙ በፊት ነበረ።

ስለ ቅጥሩ በዚህ ደብዳቤ አላነሳም። የተውኩት እንዳይመስልህ። እጅጌውን እያጠፍኩ ስለሆነ ነው።

አክስትህ

*

ጥር 24

ለውድ አክስቴ፣

ዛሬ ሰላምታዬን የማቀርበው ቆሜ ነው። የሚያነቡት ተቀምጠው ይሁን።

እጅጌው ደህና ደረሰ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከክርን በታች መፈለግ ጀመርኩ። ብርሃን ከላይ አደረግሁ፤ ከጎን አደረግሁ፤ መስኮት ላይ ለጥፌ ከጀርባው አየሁ። ገለበጥኩት። ማጉያ መነጽር ከጎረቤት ተዋስኩ። እንደ ሌባ ፈታሽ ሆንኩ። የለም። ቢጨንቀኝ እንዲሁ አነሳሁት፤ እጅጌ፣ ነጭ ጠረጴዛ፣ የጠዋት ብርሃን። ኮምፒዩተር ላይ ስከፍተው እጄ እንደ ልማዱ ወደ ፎቶው ሄደ። የሚያጠፋው ነገር አላገኘም። ትንሽ ዞር ዞር ብሎ ቆመ።

ያን ቀን አንድ ነገር ወሰንኩ። የካምፓኒውን ሥራ በቀኝ እጄ እሠራለሁ። የራሴን ስሠራ ማውሱን በግራዬ እይዛለሁ። ግራዬ ሰነፍ ነው፤ አንዲት ነጥብ ለማጥፋት ዘመን ይፈጅበታል። ግን ያማክረኛል። ሌሎቹን አሥራ አንዱን እንደዚያ ነው እንደገና ያዘጋጀኋቸው።

አሁን ስለ መክፈቻው። ሰው ሲገባ በወንበሩ ፈገግ ይላል፤ ኩባያውን አይቶ ጎረቤቱን በክርኑ ይነካል፤ ከዚያ እጅጌው ጋ ይደርሳል። ሥሩ የተጻፈው «የተጠገነ እጅጌ» የሚል ብቻ ነው። እዚያ ሰው ይቆማል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተከራከሩ፤ አንዱ ይህቺ መስመር ናት አለ፣ ሌላው እሷማ የጨርቁ ድርና ማግ ናት አለ፤ ክርክሩን እስከ በሩ ይዘውት ሄዱ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ በንዴት፣ ምንም የለበትም፣ ተሸውደናል ብላ ወጣች። ኮት ለብሳ ተመልሳ መጥታ እንደገና አየችው። ሰው አፍንጫው ፎቶውን ሊነካ ስለደረሰ የጋለሪው ባለቤት መሬቱ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ከዚህ አትለፉ አለች። የጠየቀኝን ሁሉ፣ አክስቴ ናት የሠራችው፣ እኔም አላገኘሁትም አልኳቸው።

የካታሎጉ ኃላፊም መጣ። ወንበሩንም ኩባያውንም አልፎ እጅጌው ፊት ቆመ። ብዙ ቆየ።

«ማን ነው ያጸዳው?» አለኝ።

ማንም አልነካውም አልኩት። እሱ ፎቶ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አላመነኝም። ሄደና ከበሩ ዞሮ እንደገና አየው።

ይቆጡኛል ብዬ የቀረውን ወደ መጨረሻ ገፋሁት። በማግስቱ ቢሮው ሄድኩ። ውሉን ሳልፈርም መለስኩለት። እንደ ድሮው ስትጠሩኝ እመጣለሁ፣ ማንቆርቆሪያችሁ ላይ የዝንብ ጥላ እንኳ አይገኝም፣ የቀሩት ቀኖች ግን የራሴ ናቸው አልኩት። እንደተለማመድኩት ግን አልወጣልኝም። ኃላፊው ውሉን በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየና ቋሚ ሰው መፈለጌ አይቀርም አለኝ። እስካገኝ ድረስ እንደ ድሮው፤ ሰኞ ና ብሎ ሸኘኝ።

እናም ሰኞ ሄድኩ። አዲስ የሻይ ማንቆርቆሪያ መጥቷል፤ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ከነወረቀቱ እታይበታለሁ። የሚፈልገውን ሰው መቼ እንደሚያገኝ አላውቅም። ስልኬ ሲጮህ እሮጣለሁ፤ ሳይጮህም አንስቼ አየዋለሁ። ግን ጠዋት እያፏጨሁ ነው ደረጃውን የምወጣው፤ ጎማ ጫኞቹ ምን አገኘህ ይሉኛል።

ይቆጡ። ግን ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

*

የካቲት 12

ለልጄ፣ ለዓይናማው፣

ቀኝህንም ግራህንም ይባርክልህ፤ እንዳይቀናኑ።

ጎበዝ አልልህም። ቁልፍ እምቢ ያለ ሰው ጎበዝ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሌላ እስኪያገኙ ብለውሃል፤ ይሁን። እኔም ይህን ሱቅ የከፈትኩት ሌላ ሥራ እስካገኝ ብዬ ነበር።

ይልቅ የምጠይቅህን ሳትዘል መልስልኝ። ስንት ሰው ቆመ? ወንዶቹ ይበዛሉ ሴቶቹ? ያቺ ተቆጥታ የወጣችው ሴትዮ ልብስ ሰፊ ትሆን? ኮቷ በምን ተቆልፏል፣ በቁልፍ ነው በዚፕ? ስትመለስ የት ጋ ነው ያየችው፣ ወደ ክርኑ ነው ወደ እጅ አንጓው? ካገኘሃት ወንበር ስጣትና ቀስ ብላ ትፈልግ በላት። የሚያውቅ ሰው ነው እንደዚያ የሚናደደው። ከእነዚያ ሁለት ተከራካሪዎች ደግሞ የጨርቁ ድርና ማግ ነው ያለውን አመስግንልኝ።

ጥገናው የት እንደሆነ ልነግርህ ወረቀት ካነሳሁ ሰነበትኩ። ዓይኔን ጨፍኜ መርፌው የገባበትን ፈለግሁ። ጠፍቶኛል። እንዲህ ጠፍቶኝ ሳለ ደስ ማለቱ ምን ይባላል?

የራሴን ወሬ ልንገርህና ላብቃ። ባለፈው ከሰዓት ሙሽራም አልመጣ፣ ሚዜም አልመጣ። የፋርማሲስቷ እህት ያመጣችው የጠረጴዛ ልብስ ነበር፤ ነጭ ነው፣ ጥጉ ተቀዷል። እጄ ወደ ነጩ ክር ሄደ፤ መለስኩትና ቀዩን አነሳሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ትልልቅ አድርጌ፣ ከመንገድ ማዶ እንዲታይ አድርጌ ሰፋሁት። ስትወስደው፣ ምን በድዬሽ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ደንበኛ ናት። እያየችኝ ፈታሁና በነጭ ሠራሁላት። ፈልጋ አጣችው፣ አመሰገነችኝ፣ ሄደች።

ማታውኑ የራሴን ብርድ ልብስ አወጣሁ። መሀሉ ከተቀደደ ቆይቷል፤ የራሴ ስለሆነ ጊዜ አላገኘሁለትም ነበር። በቀዩ ሰፋሁት፤ ስፌቱ እንደ ጅረት ጠመዝማዛ ሆኖ ወረደ። ጠዋት ደጅ ላይ ገመድ ዘርግቼ አሰጣሁት። ፋርማሲስቷ ወጥታ ብዙ አየችው። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን።

«ነጭ ክር አለቀብሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አለቀብኝ» አልኳት።

የነጭ ክሩ ሳጥን ሙሉ ነው።

አክስትህ